ድምፁ ነው ወይስ ሰዎቹ?

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው አስፋልት ደራን መሀል ለመሀል ያልፋታል። የአርሲን ስንዴ የጫነ ከባድ መኪና እያጓራ ይወርዳል፣ ባጃጁ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ወፍጮ ቤቱ ያንጓጓል፣ የቀትር ፀሐይ ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እያንጸባረቀ ዓይን ይወጋል። አብዛኛው ነዋሪ ይህን ከቁብ አይቆጥረውም። ለአንዳንዱ ሰው ግን እያንዳንዱ ድምፅ፣ ብርሃንና ሽታ ሰውነቱ ላይ እንደሚያርፍ ጡጫ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ጤና ጣቢያ ሲመጣ ስለ ድምፅም ስለ ብርሃንም አያወራም። «ራሴን ያመኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። ምርመራው ምንም አያሳይም፤ የራስ ምታት ክኒን ይዞ ይመለሳል።

ከብዙ ታካሚዎች ታሪክ ተውጣጥቶ እዚህ የሚቀርበው ወጣት በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ የአካውንቲንግ ምሩቅ ነው። አዳማ ለሥራ ፈተና ተጠርቶ መናኸሪያው ላይ ወርዶ፣ በዚያው መኪና ተመልሷል። ወደ ሥነ አእምሮ ነርሷ ይዛው የመጣችው እናቱ ናት፤ የምትናገረውም እሷው። «ሲስተር፣ ልጄ ከሰው አይገጥምም። ጎረቤት ሲሞት እንኳ ድንኳን አይገባም፤ እድርተኛው የሚታዘበው እኔን ነው።» ልጁ አንገቱን ደፍቷል።

«እናቴ፣ ወፍጮ ቤት ሲላክስ?»

«እሱንማ ይሄዳል። ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ነው።»

ይህቺ መልስ መንገዱን ትከፍታለች። ወፍጮ ቤት ውስጥ የሚያስቸግረው ድምፁ ነው፤ ሰዎቹን አይፈራም። ድንኳን ውስጥ ግን ጸጥታ ቢሰፍንም አይገባም፤ «ምን ይሉኛል፣ እንዴት አድርጌ ልቀመጥ፣ ምን ብዬ ላጽናና» የሚለው ሐሳብ ደጃፍ ላይ ይይዘዋል። መናኸሪያው ላይ ደግሞ ሁለቱ ተደረቡበት፤ የረዳቶች ጩኸትና የናፍጣ ሽታ ከፈታኞቹ ፊት ፍርሃት ጋር ተገናኙ።

እንዲህ ባለ ሰው ላይ ተለይተው መታየት ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው እንግዲህ። የመጀመሪያው የስሜት ሕዋሳት ስሱነት ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኢሌን አሮን ከባለቤቷ ከአርተር አሮን ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመችው ጥናት ይህን አብሮ የሚወለድ ጠባይ እንጂ በሽታ እንዳልሆነ አስረዳች፤ ከመቶ ሰው ከ15 እስከ 20 የሚሆነው ይህ ጠባይ እንዳለውም ገመተች። ሁለተኛው ጭንቀት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም 301 ሚሊዮን ሰዎች የጭንቀት ሕመም እንደነበረባቸው፣ ሕክምና ያገኘውም ከአራቱ አንዱ ገደማ ብቻ እንደሆነ ይገልጻል። ሦስተኛው ከሰው የመሸሽ የስብዕና ችግር ሲሆን፣ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ራሱን ችሎ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ይህ ችግር ያለበት ሰው ሰውን አይጠላም። እንዲያውም ቅርበትን አጥብቆ ይፈልጋል፤ ነገር ግን እንደሚናቅ አስቀድሞ ስለሚያምን አይቀርብም።

ሦስቱ አንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ተመራማሪው ሜየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት በስሜት ሕዋሳት ስሱነትና ከሰው በመሸሽ ስብዕና መካከል ዝምድና እንዳለ አሳይቷል። የወጣቱን ልጅነት ለሚሰማ ሰው ዝምድናው ግልጽ ነው፤ ድምፅ ያመመው ልጅ ከጨዋታ ይወጣል፣ የወጣው ይሾፍበታል፣ የተሾፈበት ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

በኛ ማኅበረሰብ ይህ ሁሉ ለዓመታት ተሸፍኖ ይቆያል። ዝም ያለች ልጅ ጨዋ ትባላለች፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባ ልጅ በጭምትነቱ ይመሰገናል። ምስጋናው የሚያበቃው ሲያድጉ ነው። ያኔ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስሞ ሰላምታ መለዋወጥ፣ ጉርሻ መቀበል፣ ሠርግ ቤት ከድምፅ ማጉያው ሥር መቀመጥ፣ ለቅሶ መድረስ ግዴታ ይሆናል። ያልቻለው ኩሩ፣ ሰው ጠል ይባላል፤ ቤተሰቡም መንፈስ ይሆን እንዴ ብሎ ይጨነቃል።

በአገራችን የስሜት ሕዋሳት ነገር መነሳት የጀመረው ይበልጡን በኦቲዝም በኩል ነው፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረተችው ዘሚ የኑስ ባለውለታ ናት። ኦቲዝም የሌለበት ስሱ ጎልማሳ ግን ገና አልታሰበም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የአእምሮ ጤናን በጤና ጣቢያ ደረጃ ለማዳረስ ስትነሳ ትኩረቷ ሳይኮሲስ፣ ድብርት፣ የሚጥል በሽታና የአልኮል ችግር ላይ ነበር። ምርጫው ተገቢ ነው። ሆኖም ማንንም ሳይረብሽ ቤት ውስጥ የቀረው ሰው ከዝርዝሩ ውጭ ሆኗል።

የሕክምናው ከባድ ክፍል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፍርሃት የሚድነው በመጋፈጥ ነው፤ በሸሹት ቁጥር ለጊዜው ያሳርፋል፣ በማግስቱ ገዝፎ ይመጣል። ስሱ ጆሮ ግን «ልመደው» በሚል ግዳጅ አይለወጥም፤ የሚበጀው ማመቻቸት ነው። ለስሱ ጆሮ መጋፈጥን ያዘዘ ባለሙያ ታካሚውን ያሠቃያል፤ ለፍርሃት ከለላ የሰጠ ደግሞ እስሩን ያጠብቃል።

ስለዚህ የወጣቱ ዕቅድ ሁለት መልክ ያዘ። ለወፍጮ ቤትና ለመናኸሪያ ከፋርማሲ የሚገዛ የጆሮ መድፈኛ፣ በረድ ያለ ሰዓትም ተመረጠለት። ቀኑን ሙሉ ግን እንዳይደፍን ተነግሮታል፤ ጸጥታ ብቻ የለመደ ጆሮ ይበልጥ ስሱ ይሆናልና። ለድንኳኑ ደግሞ ሕዝቡ ሳሳ ሲል፣ በጠዋት፣ መግቢያው አጠገብ ለአሥር ደቂቃ መቀመጥ፤ በሚቀጥለው ለሃያ። ሕጉ አንድ ነው፦ ፍርሃቱ ጣራ ሲነካ አይወጣም፤ በረድ ሲል ነው የሚነሳው። ከድንኳኑ ተመልሶ «ሁሉም እኔን ያየኛል» ያለውን ወጣት ሲስተር ማን ምን እንዳለው ስትጠይቀው፣ ከአጠገቡ የነበሩት ሽማግሌ ስለ ዝናቡ ብቻ አውርተውት እንደነበር አስታወሰ።

ሌላም የሚጠየቅ አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳያጎድል የሚጠጣ ጭንቀታም ሰው የልብ ምቱን ራሱ እያባባሰው ሊሆን ይችላል። ድፍረት ፍለጋ ጫት የሚቅም ወጣትም ምርቃናው እስካለ ይጫወታል፤ ሲወርድ ጭንቀቱ ብሶ ይጠብቀዋል። ጭንቀቱ ከጠና መድኃኒት ይረዳል። ሥር የሰደደውን የመናቅ ስሜት ግን ክኒን ብቻውን አይነቅለውም፤ ከታመነ ሰው ጋር ረጅም ጊዜ መነጋገርን ይጠይቃል።

የእድር ዳኞች፣ ድንኳን ጠርዝ ላይ ለአፍታ ተቀምጦ የወጣውን እንደተገኘ ቁጠሩት። መምህራን፣ በጩኸት ጆሮውን የሚይዘውን ልጅ ከመገሠጽ በፊት ወንበሩን ከመስኮቱ አርቁለት። ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ ከሰው ሲሸሽ «ምን ሆነህ ነው?» ብቻ አትበሉት፤ «ያስቸገረህ ድምፁ ነው ወይስ ሰዎቹ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ይዛችሁም በአቅራቢያችሁ ወዳለ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ውሰዱት።