የጠፍር ቋጠሮና የቆዳ ዋጋ

ብቸናና ሞጣ በምሥራቅ ጐጃም ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው መንገድ ላይ የሚገኙ የታወቁ የገበያ ከተሞች ናቸው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመነ መንግሥት ሁለቱም በየስማቸው የሚጠራው አውራጃ ዋና ከተማ ነበሩ። ወደነዚህ ገበያዎች ከሚወጣው ጤፍ፣ ቅቤና በግ ጋራ የከብት ቆዳም አለ። ከቆዳውም ከፊሉ ወደ ፋብሪካ ሲሄድ፣ ከፊሉ ደግሞ ጠፍር ሆኖ አልጋና ወንበር ይጠፈርበታል። የጠፍር ሥራ ተራ የእጅ ሙያ ቢመስልም ስለ ቆዳ ዋጋ ለነጋዴ የሚያስተምረው ብዙ ነው፤ ትምህርቱም በይበልጥ የሚገኘው በቋጠሮው ላይ ነው።

አልጋ የሚጠፍር ባለሙያ አስቀድሞ ጥሬውን ቆዳ በውሃ ዘፍዝፎ ያለሰልሰዋል። ከዚያም ከዳር ጀምሮ እየዞረ ወደ መካከል በቢላዋ ይተለትለዋል። እንዲህ ሲቈረጥ ከአንድ ቆዳ አንድ ረዥም ያልተቋረጠ ጠፍር ይወጣል። ጠፍሩም ገና እርጥብ ሳለ በአልጋው ዙሪያ ካለው እንጨት ላይ በቁመት ይወጠራል፤ ቀጥሎም በአግድም አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያለፈ እንደ ድርና ማግ ይጠላለፋል። ቆዳ ሲደርቅ ይሰበሰባልና፣ በእርጥቡ የተወጠረው ጠፍር በደረቀ ጊዜ እንደ ከበሮ ይከራል። በእርጥቡ የተቋጠረው ቋጠሮም አብሮ ስለሚጠብቅ አይንሸራተትም። በደረቁ የተቋጠረው ግን ሰው በተቀመጠበት ቍጥር ጥቂት በጥቂት ይላላል። ደግሞም ጠፍሩ በጥላ እንጂ በጠራራ ፀሐይ መድረቅ የለበትም፤ ፀሐይ ያከረረው ቆዳ በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃልና።

ይህን የሚመስል ሥራ በውጭ አገርም አለ፤ ይኸውም የቴኒስ ራኬት መወጠር ነው። በእኛ አገር የበገና አውታር ከበግ አንጀት እንደሚሠራ ሁሉ፣ ባቦላ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1875 ዓ.ም. በሊዮን ከተማ ከበግ አንጀት የራኬት ክር መሥራት ጀመረ። ናይሎንና ፖሊስተር ከመጡ በኋላም ቢሆን ከእንስሳ አንጀት የሚሠራው ክር እስከ ዛሬ በውድ ዋጋ ይሸጣል። ለአንድ ራኬት 12 ሜትር ያህል ክር የሚበቃ ሲሆን፣ እያንዳንዱ መስመር ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 27 ኪሎ በሚደርስ ኀይል ይሳባል። ሥራው በአንድ ክር ሲፈጸም ሁለት ቋጠሮ፣ በሁለት ክር ሲፈጸም አራት ቋጠሮ ይኖረዋል። ባለሙያው የመጨረሻውን ጫፍ ቀድሞ በተወጠረው ክር ላይ ሲቋጥር፣ ቋጠሮው ወደ ቀዳዳው ተስቦ እስኪቀመጥ ድረስ ያ መስመር ከውጥረቱ ጥቂት ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙዎቹ ባለሙያዎች የመጨረሻውን መስመር ከሌሎቹ በጥቂቱ አጥብቀው ይስቡታል፤ ቋጠሮውን ድርብ ያደርጉታል፤ ጫፉንም ከሥሩ አስጠግተው አይቈርጡትም።

ከሁለቱም ሥራዎች እንደሚታየው ቋጠሮ በበዛ ቍጥር የሚላላው ቦታ ይበዛል። ይሁን እንጂ በሁለቱ ባለሙያዎች መካከል አንድ ልዩነት አለ። ራኬት የሚወጥረው ሰው የቋጠሮውን ብዛት ራሱ ይመርጣል፤ ለአልጋ ጠፋሪው ግን የሚመርጥለት ከብቱን የገፈፈው ሰው ነው። በገፈፋ ጊዜ ቢላዋ ቆዳውን ከበሳው፣ ባለሙያው እየተለተለ ከቀዳዳው ላይ ሲደርስ ጠፍሩ ይቋረጥበታል። አንድ ቀዳዳ አንዱን ጠፍር ሁለት ያደርገዋል፤ ሁለት ቀዳዳ ሦስት ያደርገዋል። ቍርጥራጩን ጫፍ ለጫፍ ማያያዝ ግድ ስለሚሆን ቋጠሮው በዚያው ልክ ይጨምራል። ያው ቀዳዳ በቆዳ ፋብሪካ ደጅም የቆዳውን ደረጃ ዝቅ ያደርገዋል። የመተኰሻ ምልክት፣ የመዥገር ጠባሳና ጨው ሳይነካው የዋለ ቆዳ መበስበስም እንደዚሁ ዋጋ ያጐድላሉ።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ቸል የሚባል አይደለም። ቆዳ በአገር ውስጥ ተለፍቶ እንዲሸጥ በማሰብ በ2000 ዓ.ም. ወደ ውጭ በሚወጣ ጥሬ ቆዳና ሌጦ ላይ 150 ከመቶ ቀረጥ ተጥሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የጥሬ ቆዳ ዋጋ እጅግ ወርዶ፣ በትልልቅ ከተሞች በበዓል ማግስት ቆዳ በየመንገዱ ተጥሎ እስከ መታየት ደረሰ። ዋጋ ሲወድቅ ገፋፊው ጥንቃቄውን ይተዋል፤ ጥንቃቄ ሲጐድል ደግሞ ዋጋው ይብሱን ይወድቃል። በዚህ መካከል የሚጐዳው ቆዳውን ተሸክሞ ገበያ የወጣው ገበሬና ከእጁ የሚገዛው ትንሽ ነጋዴ ነው።

ስለዚህ በየወረዳው ቆዳ የሚሰበስብ ነጋዴ ሁሉንም በአንድ ዋጋ መግዛቱን ትቶ፣ ለደኅናውና ለተበሳው የተለየ ዋጋ ቢከፍል ጥቅሙ ለራሱ ነው። ገበሬው ልዩነቱን በእጁ በገንዘብ ካየው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቢላዋውን ዐርፎ ይይዛል።

ጠፍር አልጋና ወንበር ለባህል ምግብ ቤትና ለእንግዳ ማረፊያ የሚያቀርብ ባለሱቅም ሲገዛ በላዩ ማማር ብቻ መርካት አይገባውም። ዕቃውን ገልብጦ ቋጠሮውን ይቍጠር። መጋጠሚያው ሰው በሚቀመጥበት በመካከሉ ላይ ከሆነ ዋጋውን ይቀንስ፤ ወደ ዳር የተጠጋ ከሆነ ግን ብዙ አይጐዳውም። የመጨረሻው ጫፍ በሚስማር የተመታ መሆን አለመሆኑንም ይይ። ሚስማር ቆዳውን ይቀደዋል፤ ዝገቱም ያበሰብሰዋል። በቋጠሮ የታሰረው ግን ከዓመታት በኋላ ቢረግብ፣ ቋጠሮው በውሃ ርሶ ይፈታል፤ ጠፍሩም እንደገና ተስቦ ይታሰራል። እንዲህ ተጠግኖ ደጋግሞ የሚያገለግል ዕቃ ለገዢው ርካሽ፣ ለሻጩም መልካም ስም ነው።