ኮረብታ በታናሹ ልጅ እርምጃ ይወጣል

ደባርቅና ዳባት በሰሜን ተራሮች ግርጌ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ መካነ ብርሃንም ከእነርሱ ማዶ በጃናሞራ ትገኛለች። በዚህ አገር የሚኖር ልጅ ከቤቱ ብቅ ሲል ዓይኑ የሚያርፈው በተራራ ላይ ነው። በጎቹን የሚያሰማራው በኮረብታ ነው፤ እንጨት የሚለቅመውም በኮረብታ ነው፤ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድም ዳገት ይወጣል፥ ቁልቁለት ይወርዳል። ስለዚህ ልጆችን ሰብስቦ ለደስታ ብቻ ኮረብታ መውጣት ለብዙ ሰው ከንቱ ድካም ይመስለዋል። ነገር ግን በግ የሚጠብቅ ልጅ በጎቹን ያያል እንጂ አገሩን አያይም። እንጨት የሚለቅምም እንጨቱን ብቻ ይፈልጋል። ለማየት ብቻ የሚወጣበት አንድ ቀን ያገኘ እንደ ሆነ ግን የኖረበትን አገር እንደ አዲስ ያውቀዋል።

የተራራ ከፍታ በሁለት መንገድ ይለካል። አንደኛው ከባሕር ወለል ተነሥቶ ነው፤ ሁለተኛው ከራሱ ከተራራው ግርጌ ተነሥቶ ነው። ስኮትላንድ በምትባል በሩቅ አገር ሰዎች በዕረፍት ቀን ልጆቻቸውን ይዘው ትንንሽ ኮረብታዎችን ይወጣሉ። በዚያች አገር ካሉት ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ቤን ኔቪስ ሲሆን ከፍታው 1,345 ሜትር ነው። ደባርቅ ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ስፍራ ላይ የተሠራ ከተማ ነው። እንግዲህ በደባርቅ በቤቱ ደጃፍ የተቀመጠ ልጅ የቤን ኔቪስን ጫፍ እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ተቀምጧል ማለት ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ሊመካ አይገባውም። እግሩ ያልወጣው ዳገት ለእርሱ አይቆጠርለትምና። በመንደሩ አጠገብ ያለችውን ጉብታ በእግሩ የወጣ ሕፃን በተቀመጠበት ከፍ ካለው ሰው ይልቅ ብዙ ሠርቷል።

ከአገራችን ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ባለው ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ትንፋሽ ያጥራል፤ ራስም ይታመማል። ስለዚህ እርሱ ለታላላቆች ይቆይ፤ ለትንንሽ ልጆች ግን ወጥተው በአንድ ቀን የሚመለሱበት ቅርብ ኮረብታ ይበቃቸዋል።

ለመንገድ የሚሻለው ወራት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ያለው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጭቃው ያንሸራትታል፤ ጉሙም መንገዱን ይሸፍናል። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ግን ሰማዩ ይጠራል፤ መስኩም ገና ለምለም ነው። መነሣት የሚገባውም በማለዳ ነው። በእነዚህ ተራሮች ጧት ብሩህ ሆኖ ሳለ ከቀትር በኋላ ከቆላው የሚነሣው ደመና ገደሉን እየወጣ ብዙ ጊዜ ደጋውን ያለብሰዋል። ሰው በወጣ ቁጥርም ብርድ ይበረታል፤ በ1,000 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በጧት ፀሐይ የተታለለ ልጅ ጋቢውን ትቶ መሄድ የለበትም። ለስንቅም ቆሎ፥ ዳቦና የሚጠጣ ውኃ ይያዝ።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ነገር የአካሄድ ሥርዓት ነው። ልጆች ኮረብታ ሲያዩ መሮጥ ይወዳሉ። ብርቱዎቹ ቀድመው ይሄዳሉ፤ ከፊት ደርሰውም ተቀምጠው ያርፋሉ። ታናሹ ልጅ እያለከለከ በደረሰ ጊዜ እነርሱ ዐርፈው ጨርሰዋልና «እንሂድ» ብለው ይነሣሉ። እርሱም ሳያርፍ ይከተላቸዋል። እንዲህ ሲሆን ዕረፍት የማያስፈልጋቸው ብዙ ያርፋሉ፤ ከሁሉ ይልቅ ዕረፍት የሚያስፈልገው ግን ምንም አያርፍም። ይህ በብዙ መንገደኞች ዘንድ የሚሠራ በደል ነው፤ የሚሠሩትም ክፉ ስለ ሆኑ አይደለም፤ ወደ ኋላ ስላልተመለከቱ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። መንገዱን የሚያውቅ አንድ ታላቅ ሰው ከፊት ይሂድ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ታናሹ ልጅ ይሁን፤ ሌሎቹ ይከተሉ፤ ከሁሉ ብርቱ የሆነው ደግሞ በመጨረሻ ይምጣ። ያን ጊዜ የሁሉም እርምጃ የታናሹ እርምጃ ይሆናል። ብርቱው መጀመሪያ ይሰለቸው ይሆናል፤ ነገር ግን የጀርባ ጠባቂ መሆን ከሩጫ የሚበልጥ ሹመት መሆኑን ኋላ ያውቃል። ታናሹም መንገድ የሚመራ ስለሚመስለው ድካሙን ይረሳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ጉዞ ነው።

በዝግታ የሚሄድ ሰው የሚያየው ብዙ ነው። ጦስኝን በጣቱ አሽቶ ያሸታል። በገደል ሲያድር ቆይቶ ጧት ሣር ሊግጥ የወጣውን የጭላዳ መንጋ ያገኛል። ጭላዳ በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖር እንስሳ ነው፤ ተቀምጦ ሣሩን በእጁ እየነጨ ይበላል፤ በደረቱም ላይ ቀይ ምልክት አለው። እርሱን በሩቁ ማየት እንጂ ምግብ መስጠት ወይም ድንጋይ መወርወር አይገባም። ከዚህም ከፍ ባለው ደጋ ጅባራ ይበቅላል፤ ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፥ ከዚያም ይሞታል። እነዚህንና ዋልያን ለመጠበቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የሩቅ አገር ሰዎች ባሕር ተሻግረው የሚመጡበትን አገር የአገሩ ልጅ ሳያየው ቢቀር ያሳዝናል።

መጠንቀቅ የሚገባባቸው ነገሮችም አሉ። በደባርቅ አጠገብ ያለው የሊማሊሞ ገደል እጅግ ጥልቅ ነው፤ በገደል አፋፍ መጫወትና መገፋፋት ሞትን ያመጣል። ድንጋይ ቁልቁል ማንከባለልም አይገባም፤ ከታች እረኛ ወይም ከብት ሊኖር ይችላልና። ጉም ድንገት የመጣ እንደ ሆነ ሁሉም በአንድነት ይቀመጡ እንጂ መንገድ ፍለጋ አይበተኑ። ለደከመው ልጅም «አንተ ቀስ ብለህ ድረስብን» ማለት ክፉ ቃል ነው። በተራራ ላይ የጠፋ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በዚህ ቃል ነው።

ልጁ ከደከመ ወይም ሰማዩ ከጠቆረ ጫፉ ሳይደረስ መመለስ ነውር አይደለም። ኮረብታው ነገም በስፍራው ይገኛል። ጫፍ የደረሱት ደግሞ ተቀምጠው መንደራቸውን ይመልከቱ። ቤቱ፥ የገብሱ ማሳ፥ የምንጩ መንገድ፥ ትምህርት ቤቱ ሁሉ በአንድ ዕይታ ይታያሉ። የሚጣሉ የሁለት ጎረቤቶች አጥርም ከዚያ ሲታይ እንደ ክር የቀጠነ ነው።

ሲወርዱ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ። የደከመ ጉልበት በቁልቁለት ይከዳልና። ከመነሣታቸው በፊት የተቆጠሩት ልጆች በግርጌው እንደ ገና ይቆጠሩ። ቁጥሩ የሞላ እንደ ሆነ መንገዱ መልካም መንገድ ነበረ። ከጎደለ ግን ከሁሉ ቀድሞ ጫፍ የደረሰውም ልጅ ቢሆን ኮረብታውን ወጣሁ ሊል አይችልም።