ሥዕሉ ሲበዛ ቃሉ ይጠፋል

«መጽሐፉ በሥዕል በተሞላ ቁጥር የልጁ አእምሮ ይከፈታል» የሚለው ወሬ ከሻጭ ወደ ወላጅ፣ ከወላጅ ወደ ጎረቤት እየተቀባበለ ዛሬም ይነገራል። ስሕተት ነው፤ ስሕተትነቱም በሙከራ ታይቷል።

ለልጅ ማንበብ እንደሚጠቅም ማንም አይከራከርም። ጥያቄው ሲገለጥ ምን ይታይ የሚለው ነው።

በእንግሊዝ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ዞዪ ፍላክና ጄሲካ ሆርስት እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ለሆናቸው ልጆች ሰምተዋቸው የማያውቁ የዕቃ ስሞች የገቡበት ታሪክ ተነበበላቸው። ለአንዳንዶቹ መጽሐፉ ሲገለጥ የሚታየው አንድ ሥዕል ብቻ ነበር፤ ለሌሎቹ ግን ግራና ቀኙ ሥዕል ነበር። አዲሶቹን ስሞች የያዙት አንድ ሥዕል ያዩት ናቸው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ የሚነበበው የትኛው ገጽ እንደሆነ አያውቅም። ጆሮው ስሙን ይሰማል፤ ዐይኑ የስሙን ባለቤት ፍለጋ ይወጣል። ሠርግ ቤት የገባ እንግዳ «ያ አጎቴ ነው» ተብሎ ማንም በእጁ ሳያሳየው ቢቀር የሰዉን ፊት እየቃኘ እንደሚደናገረው ማለት ነው። ልጁ ዕቃውን እስኪያገኝ አንባቢው ሌላ ዓረፍተ ነገር ላይ ደርሷል። ከአንድ ጀበና ሁለት ስኒ በአንድ ጊዜ ለመቅዳት እንደ መሞከር ነው፤ ቡናው መሃል ይፈስሳል።

ተመራማሪዎቹ በዚህ አላበቁም። አንባቢዋ ከማንበቧ በፊት በሚነበበው ገጽ ላይ እጇን ስታሳልፍ፣ ሁለት ሥዕል ያዩትም ልጆች ቃላቱን ያዙ።

የሚሳቡና የሚነሡ ወረቀቶች ያሉባቸው መጻሕፍትም ከዚሁ አይርቁም። እነ ጁዲ ዴሎኣሽ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳዩት ሕፃናት ከእነዚህ ይልቅ ከተራው መጽሐፍ የተሻለ ይማራሉ፤ እጃቸው በወረቀቱ ሲጠመድ ትምህርቱ ያመልጣል።

እርግጥ ሙከራዎቹ የተሠሩት በጥቂት ልጆች ላይ ነው፤ የለኩትም ትምህርትን እንጂ የንባብ ፍቅርን አይደለም። በሥዕል የታጨቀ ገጽ ለጨዋታና ለጭውውት ሊመች ይችላል። አዲስ ቃል ለማስተማር ግን አይመረጥም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ከመግዛታችሁ በፊት መጽሐፉን መሃሉ ላይ ግለጡት። በቤት ያለው ግራና ቀኙ ሥዕል ከሆነም አትጣሉት፤ የምታነቡትን ገጽ አስቀድማችሁ በእጃችሁ አሳዩ።