መምህርን በመምህር አጠገብ

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ሆኑ ከተነገረ ወዲህ፣ ጣት ሁሉ ወደ መምህሩ ተቀስሯል፤ መድኃኒቱም ለአንዱ መምህሩን መፈተን፣ ለሌላው ማዕርጉን ከፍ ማድረግ፣ ለሦስተኛው ደመወዙን መጨመር ሆኖ ታይቶታል። በጅግጅጋ ዕጩ መምህራንን የማሠለጥን እኔ ከእነዚህ አንዱንም አልነቅፍም፤ ነገር ግን ዕጩው በትጉህ መምህር አጠገብ ሳይሰነብት ለብቻው ክፍል የሚሰጠው እስከ ሆነ ድረስ፣ ፈተናውም ማዕርጉም ከችግሩ ሥር አይደርስም ባይ ነኝ።

በቅርቡ በቀብሪበያህ አካባቢ አንዱ ዕጩ ክፍልፋይ ሲያስተምር፣ አንድ ሕፃን ግማሽና ሲሶን ደምሮ ሁለት አምስተኛ ብሎ ጻፈ፤ ዕጩውም «ስሕተት ነው» ብሎ ደምስሶ ትክክለኛውን መልስ አሰፈረ። ከኋላ ወንበር ይዘው ይመለከቱ የነበሩት አረጋዊ መምህር «ልጄ፣ ከመደምሰስህ በፊት በምን መንገድ እንደ መጣ ጠይቀው» አሉት፤ ሕፃኑም ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው እንደ ደመረ በሶማሊኛ አስረዳ። ዕጩው ስለ ተማሪ ስሕተት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ምዕራፍ አጥንቶ በፈተናም መልሶታል፤ ምስጢሩ የተገለጠለት ግን በዚያች ሰዓት ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ለውጥ የትምህርት ቤት ልምምድን አጥብቆ አዝዞ ነበር፤ መርሑም ቅን ነበር። ሆኖም ወደ ሐርሺን ወይም ወደ አውበሬ የሚወጣ አሠልጣኝ አንዱን ዕጩ ለአንድ ክፍለ ጊዜ አይቶ፣ ቅጹን ሞልቶ ሲመለስ፣ ዕጩውን በየዕለቱ ሊመራው የሚችለው ነባር መምህር ግን ክፍለ ጊዜ ሳይቀነስለት፣ አበልም ሳይቈረጥለት ይቀራል። የጥንቱ ልማድ ግን ሌላ ነው፤ አበው በቅኔ ቤት የበረታውን ደቀ መዝሙር ጀማሪዎቹን እንዲያስነግር የሚያደርጉት፣ በዱግሲም (በቁርኣን ትምህርት ቤት) ማአሊኑ (መምህሩ) ሎሁን (የእንጨት ሰሌዳውን) የጨረሰውን ልጅ ከታናናሾቹ ጋር የሚያስቀምጠው፣ ማስተማር ራሱ በመምህር ዐይን ሥር የሚለመድ ጥበብ ስለ ሆነ ነው።

ነባር መምህራን በገጠር ጥቂቶች መሆናቸው እውነት ነው፤ በአርብቶ አደሩ መንደርማ የሉም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዕጩን በነባር መምህር አጠገብ የማኖሩ ሥራ እነርሱ ካሉበት ከጅግጅጋ ከተማ ይጀመር፤ ዕጩው የመጨረሻውን ዓመት እኩሌታ በአንድ መምህር ክፍል ይኑር፤ መምህሩም ለዚህ አገልግሎቱ ክፍለ ጊዜው ይቀነስለት፣ አበሉም በበጀት ይያዝለት፤ ስለ ዕጩው የሚሰጠው ምስክርነትም ከአሠልጣኙ ነጥብ ጋር እኩል ይቈጠር።