የካናዳ የክፍለ ሀገር እጩ ፕሮግራም

የካናዳ የክፍለ ሀገር እጩ ፕሮግራም የካናዳ ክፍለ ሀገራት ለኢኮኖሚያቸው የሚፈልጓቸውን የውጭ አገር ባለሙያዎች መርጠው ለቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ በእጩነት የሚያቀርቡበት የኢሚግሬሽን ፕሮግራም ነው። እጩነትና የመኖሪያ ፈቃድ አንድ አይደሉም። እጩውን የሚመርጠው ክፍለ ሀገሩ ሲሆን፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃዱን የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው ግን የፌዴራሉ መንግሥት ብቻ ነው። ስለዚህ አመልካቹ ለሁለት አካላት ያመለክታል፤ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎችንም ይጠብቃል።

አመጣጥና ሕጋዊ መሠረት

እ.ኤ.አ. በ1867 የወጣው የካናዳ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 95 ኢሚግሬሽንን የፌዴራሉና የክፍለ ሀገራት የጋራ ሥልጣን አድርጎታል። ሁለቱ ሕጎች ሲጋጩ የፌዴራሉ ሕግ የበላይ ነው። ለረጅም ጊዜ ወደ ካናዳ የሚገቡ ሰዎች አብዛኞቹ በቶሮንቶ፣ በሞንትሪያልና በቫንኩቨር ስለሚሰፍሩ፣ ሌሎች ክፍለ ሀገራት ለሥራ ገበያቸው የሚስማማ ሰው ራሳቸው መምረጥ እንዲችሉ ጠየቁ። ማኒቶባ እ.ኤ.አ. በ1996 ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ስምምነት ተፈራረመች፤ ፕሮግራሙም በ1998 ሥራ ጀመረ። ሌሎቹ ተራ በተራ ተከተሉ።

ዛሬ 9 ክፍለ ሀገራት እንዲሁም የዩኮንና የሰሜን ምዕራብ ቴሪቶሪዎች በፕሮግራሙ ይሳተፋሉ። ኩቤክ በ1991 በተፈረመ ሌላ ስምምነት መሠረት የራሷን ሠራተኞች የምትመርጥበት የተለየ ሥርዓት ስላላት በዚህ ፕሮግራም ውስጥ የለችም። ኑናቩትም አትሳተፍም።

ሁለቱ የእጩነት ዓይነቶች

የመጀመሪያው ዓይነት ኤክስፕረስ ኢንትሪ ከተባለው የፌዴራል ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። ኤክስፕረስ ኢንትሪ እ.ኤ.አ. በጥር 2015 የተጀመረ ሲሆን፣ አመልካቾችን በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በቋንቋ ችሎታና በሥራ ልምድ እያወዳደረ ከ1200 ነጥብ ደረጃ ይሰጣቸዋል። ክፍለ ሀገር በእጩነት ያቀረበው ሰው 600 ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። ለምሳሌ በራሱ 440 ነጥብ ያለው የሶፍትዌር ባለሙያ በእጩነቱ 1040 ይደርሳል፤ ይህም በቀጣዩ ዙር የመጋበዝ ዕድሉን እጅግ ከፍ ያደርገዋል። ሆኖም በዚህ መንገድ የሚያመልክ ሰው አስቀድሞ በኤክስፕረስ ኢንትሪ ከሚተዳደሩት የፌዴራል ፕሮግራሞች የአንዱን መመዘኛ ማሟላት አለበት። እጩነቱ ከተሰረዘ 600ው ነጥብም አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው ዓይነት ከኤክስፕረስ ኢንትሪ ውጭ የሚሰጥ መደበኛ እጩነት ነው። የፌዴራሉን የነጥብ ውድድር የማይችሉ፣ ነገር ግን ክፍለ ሀገሩ የሚፈልገው ሙያ ያላቸው ሰዎች ይጠቀሙበታል። በዚህኛው መንገድ የፌዴራሉ ምርመራ ብዙውን ጊዜ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።

የማመልከቻው ሂደት

መመዘኛው ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ይለያያል። አንዱ ከአሠሪ የተሰጠ የሥራ ቅጥር ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ሌላው በዚያው የተማሩትን ያስቀድማል፣ ሌላው ደግሞ በጤና ወይም በግንባታ ሙያ ላይ ያተኩራል። ሂደቱ በአብዛኛው እንዲህ ይከናወናል፦

1. አመልካቹ ሙያው በካናዳ የሙያዎች ምደባ ውስጥ የት እንደሚገኝ ይለያል። የሚመዘነው በሥራ መጠሪያው ሳይሆን በተግባር በሠራው ሥራ ነው።
2. የቋንቋ ፈተና ይወስዳል፤ ለእንግሊዝኛ አይኤልትስ ጀኔራል አንዱ ነው። ውጤቱ ለ2 ዓመት ያገለግላል። ከካናዳ ውጭ የተማረ ሰው ዲግሪው ከካናዳ ትምህርት ጋር ያለውን አቻነት እውቅና ባለው ተቋም ያስገምግማል።
3. በብዙ ክፍለ ሀገራት በመጀመሪያ የፍላጎት መግለጫ ያስገባል። ይህ ገና ማመልከቻ አይደለም፤ ክፍለ ሀገሩ ከተመዘገቡት መካከል መርጦ ይጋብዛል።
4. የተጋበዘው ሰው ሙሉ ማመልከቻ ለክፍለ ሀገሩ ያቀርባል። ከጸደቀለት የእጩነት የምስክር ወረቀት ያገኛል።
5. ከዚያ ለፌዴራሉ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ያመለክታል። በኤክስፕረስ ኢንትሪ የተጋበዘ ሰው ማመልከቻውን በ60 ቀን ውስጥ ማስገባት አለበት።

የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የጤና፣ የወንጀልና የደኅንነት ምርመራ ያደርጋል። እጩው በካናዳ ራሱን ችሎ መኖር አይችልም ብሎ ካመነም፣ ከክፍለ ሀገሩ ጋር ተመካክሮ ፈቃዱን ሊከለክል ይችላል።

ከኢትዮጵያ የሚያመለክቱ

በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ከዋናው ቅጂ ጋር መቅረብ አለበት። የአመልካቹ የቤተሰብ አባል የሠራው ትርጉም ተቀባይነት የለውም። የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ከጎርጎርዮሳዊው በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለይ፣ በልደት የምስክር ወረቀት፣ በዲግሪና በሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ያሉ ቀኖች እርስ በርስ የሚጋጩ ሊመስሉ ይችላሉ። ስምም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍ ሰነዶቹ ከፓስፖርቱ ጋር መስማማታቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የትዳር ጓደኛና ልጆች አብረው ባይሄዱም በማመልከቻው መገለጽ አለባቸው። በመደበኛው ሕግ መሠረት ያልተገለጸና ያልተመረመረ የቤተሰብ አባልን በኋላ በቤተሰብ ስም ወደ ካናዳ መውሰድ አይቻልም።

በክፍያ አመልካችን መወከል የሚችሉት ጠበቆች፣ የኩቤክ ኖታሪዎችና የካናዳ የኢሚግሬሽንና የዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ አባላት ናቸው። ወኪል መያዝ ግዴታ አይደለም። እጩነት በገንዘብ ስለማይሸጥም «የተረጋገጠ እጩነት አለኝ» የሚል ደላላ ሊሰጥ የማይችለውን ነገር እየሸጠ ነው።

የመኖር ሐሳብና የመዘዋወር መብት

ደንቡ እጩው በመረጠው ክፍለ ሀገር የመኖር ሐሳብ እንዲኖረው ያስገድዳል። በሌላ በኩል የ1982ቱ የካናዳ የመብቶችና የነጻነቶች ቻርተር በአንቀጽ 6 ማንኛውም ዜጋና ቋሚ ነዋሪ በፈለገው ክፍለ ሀገር የመኖርና የመሥራት መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ፈቃዱን ያገኘ ሰው ሥራ ሲያጣ ወይም ኑሮው ሲለወጥ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር መሄድ ይችላል።

ልዩነቱ በሐሳብ መለወጥና ከመጀመሪያው በማታለል መካከል ነው። በማኒቶባ የመኖር ሐሳብ ሳይኖረው «በዊኒፔግ እኖራለሁ» ብሎ ያመለከተ ሰው ሐሰተኛ መረጃ እንዳቀረበ ሊቆጠር ይችላል። የዚህ ቅጣት ለ5 ዓመት ወደ ካናዳ እንዳይገባ መከልከልና የተሰጠውን ፈቃድ ማጣት ሊሆን ይችላል። ክፍለ ሀገራቱ ስለ ዘመድ፣ ስለ ሥራ ፍለጋና ስለ ቀድሞ ቆይታ የሚጠይቁት ይህን ሐሳብ ለመመዘን ነው።

ዓመታዊ ኮታ

የእጩዎችን ቁጥር በየዓመቱ የሚደለድለው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። በፕሮግራሙ እንዲገቡ የታቀዱት ሰዎች ቁጥር ለ2024 110,000 ሲሆን ለ2025 ወደ 55,000 ዝቅ ብሏል። ኮታው ሲቀንስ መመዘኛውን የሚያሟላ ሰው ሁሉ ላይጋበዝ ይችላል፤ ክፍለ ሀገራትም አንዳንድ የማመልከቻ ዘርፎችን ይዘጋሉ ወይም ያጠብባሉ።

ከፈቃዱ በኋላ

ቋሚ ነዋሪ ይህን መብቱን ለመጠበቅ በየ5 ዓመቱ ቢያንስ 730 ቀን በካናዳ መቆየት አለበት። ለዜግነት የሚያመለክት ሰው ደግሞ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ 1095 ቀን በካናዳ መኖር ይጠበቅበታል። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ዜግነት ስላልሆነ ያገኘው ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን አያጣም። በፈቃዱ የካናዳ ዜግነት የወሰደ ሰው ግን በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ኢትዮጵያዊ ዜግነቱ ይቀራል።