ጡጦ የለመደ ልጅ እንዴት ወደ ገበታ ይመጣል?

«ልጄ ከጡጦ በስተቀር አፉን አይከፍትም። የተፈጨ ነገር ከሆነ በመከራ ትንሽ ይውጣል። ጎርበጥ ያለች ነገር ካገኘ ግን ይተፋል፣ ያለቅሳል። ምን ላድርገው?»

ይህ ጥያቄ ከካርቱም ወደ ካምፕ ከመጡ እናቶች በየጊዜው የሚሰማ ነው። ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ በዛሬው ገጻችን እናየዋለን። አባቶችም እንድታነቡት አደራ እንላለን።

ካርቱም ያስለመደችን

ካርቱም የኖረ ሰው ነገሩ እንዴት እንደመጣ ያውቀዋል። በዴም፣ በጅሬፍ፣ በሰሃፋ ስንኖር ብዙዎቹ እናቶቻችን በሰው ቤት ተቀጥረው ወይም ሻይ እየሸጡ ነበር ቤታቸውን የሚያስተዳድሩት። የአራስነት ወገባቸው ሳይጠና ወደ ሥራ ይመለሳሉ፤ ሕፃኑ ጎረቤት ወይም ዘመድ ዘንድ ይውላል። ለሚጠብቀው ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚቀለው ጡጦ ነው። ሲያለቅስ ጡጦ፣ ሲተኛ ጡጦ። ድንችና ካሮት ቢቀቀልለትም ተፈጭቶ እንደ ውሃ ቀጥኖ ነው የሚሰጠው። ከዚያ ካለፈ ቢስኩት በሻይ ነው። እናቲቱ ሰንፋ አይደለም፤ ኑሮው ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 (ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.) ጦርነቱ ካርቱም ላይ ሲፈነዳ ሱቅ ተዘጋ፣ መብራትና ውሃ ጠፋ። በጡጦ ብቻ የሚያድር ልጅ ምን ያህል አደጋ ላይ እንዳለ ያን ጊዜ ታየ። ከሁሉም የከፋው በማይጎማ የሕፃናት ማሳደጊያ የደረሰው ነው። እዚያ የነበሩት ሕፃናት በየጥቂት ሰዓቱ ወተት የሚሰጣቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። በተኩሱ ምክንያት ግን አብዛኞቹ ሞግዚቶች ሊደርሱላቸው አልቻሉም። መብራቱ ሲቋረጥ ሙቀቱም በረታ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በርካታ ሕፃናት አለቁ። የተረፉት ወደ 300 የሚጠጉ ልጆች በጁን 2023 ወደ ዋድ መደኒ ተወሰዱ።

በሜይ 2023 ደግሞ ካርቱም የነበረው ሳሚል ፋብሪካ ተቃጠለ። ይህ ፋብሪካ በረሃብ እጅግ ለተጎዱ የሱዳን ሕፃናት የሚሰጠውን የኦቾሎኒ ቅባት ምግብ፣ ማለትም ፕላምፒ ነት የምንለውን ዓይነት፣ 60 በመቶ ያህሉን የሚያመርት ነበር።

እነዚህን ያነሳነው ለማስፈራራት አይደለም። መንገድ ሊዘጋ፣ ጣሳው ሊያልቅ፣ ዋጋው ሰማይ ሊወጣ ይችላል። ቤተሰቡ የሚበላውን መብላት የለመደ ልጅ ግን ቤት ውስጥ እህል እስካለ ድረስ አብሮ ይበላል።

ልጁ አመለኛ ሆኖ ነው?

አይደለም። ማኘክ እንደ መራመድ ሁሉ በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሕፃን 6 ወር ሲሞላው ከወተት ሌላ ተጨማሪ ምግብ መጀመር አለበት። በ8 ወር አብዛኞቹ ልጆች በእጃቸው ይዘው የሚበሉትን ነገር መብላት ይችላሉ። በ12 ወር ደግሞ ቤተሰቡ የሚበላውን ለስላሳ ምግብ ይበላሉ። «ጥርስ ሳያበቅል?» የሚል አለ። ለስላሳ ነገር ከሆነ ድዱ ይበቃዋል።

ጊዜው በጣም ሲዘገይ ግን ነገሩ ይከብዳል። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል አካባቢ የተወለዱ ልጆችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2001 ባወጡት ጽሑፍ፣ ጎርበጥ ያለ ምግብ ከ10 ወር በኋላ የጀመሩ ልጆች ቀደም ብለው ከጀመሩት ይልቅ ምግብ የሚመርጡና የሚያስቸግሩ ሆነው አግኝተዋቸዋል። የእናንተ ልጅ 10 ወር ካለፈው ተስፋ አትቁረጡ። ትዕግስቱ ትንሽ ይበዛል እንጂ መልመዱ አይቀርም።

ሌላው ማወቅ ያለብን አዲስ ምግብ አንዴ ቀርቦ እንደማይለመድ ነው። ልጁ እስኪቀበለው 8 ወይም 10 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቅረብ አለበት። እኛ ግን ሁለት ጊዜ ሲተፋው «ይሄን አይወድም» ብለን እንተወዋለን። ከጅሬፍ የመጣች አንዲት እናት የ11 ወር ልጇን ከጡጦ ለማላቀቅ ወፍራም ገንፎ አብርዳ እንደ ጣት እየቆረጠች ትሰጠው ነበር። ስድስት ቀን ሙሉ መሬት ላይ ወረወረው። በሰባተኛው ቀን ጫፉን ጠባ አደረገ። ዛሬ ያው ልጅ ከታላቆቹ ሳህን ይቀማል።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ ምግቡ ይቅደም፣ ወተቱ ይከተል። ሆዱ በወተት የሞላ ልጅ ለምን ይበላል? ትንሽ ራብ ሲለው፣ ነገር ግን በረሃብ ማልቀስ ሳይጀምር ምግቡን አቅርቡ። ወተቱን ከበላ በኋላ ስጡት። ጡጦውን በአንድ ቀን መንጠቅ አያስፈልግም። መጀመሪያ የቀኑን አንድ ጡጦ በምግብ ተኩ፣ ሲለምድ ሌላውን።

2ኛ/ ውፍረቱን ቀስ በቀስ ጨምሩ። ከቀጭን አጥሚት ወደ ወፍራም ገንፎ፣ ከዚያ በሹካ ወይም በእጅ ወደ ተደቆሰ ድንችና ምስር፣ ከዚያ ለስላሳ ጉርብጥብጥ ወዳለው እለፉ። ከማንኪያ የማይፈስ ገንፎ ከቀጭኑ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል።

3ኛ/ በእጁ ይያዝ። ታጥቦ የደረቀ እጁ ላይ አንድ ቁራጭ ብቻ አድርጉለት። ይጨብጠው፣ ያፍርጠው፣ ፊቱን ይቀባ። ለኛ ብክነት ይመስለናል፤ እሱ ግን እየተማረ ነው።

4ኛ/ አብሯችሁ ይቀመጥ። ልጅ የሚያየውን ይቀዳል። አባቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ሁሉም ሲያኝክ ካየ እሱም አፉን ማንቀሳቀስ ይጀምራል። ነገር ግን ድርሻውን ለብቻው በትንሽ ሳህን አድርጉለት። ከትልልቆቹ እኩል እጁን ሰዶ መሻማት አይችልም፤ ምን ያህል እንደበላም ማወቅ ያቅታል።

5ኛ/ አታግቱት። አፍንጫ ይዞ ማጋት፣ እጅ ጠፍሮ ማጉረስ ከጥንትም የለመድነው ነገር ነው። ልጁ ምግብን ከማልቀስ ጋር ያያይዘዋል፤ ትን ብሎትም ሊሞት ይችላል። ፊቱን ካዞረ ቆም በሉ፣ አጫውቱት፣ እንደገና ሞክሩ። እምቢ ካለ በቃ፣ ለሚቀጥለው ሰዓት ይቆይ።

ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ልጅ በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ ይመገብ፤ ከ9 ወር በኋላ ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ በመሃልም 1 ወይም 2 ጊዜ መክሰስ።

ከየት እናምጣው?

«የምንበላው ማሽላና ምስር፣ ለልጅ የሚሆን የት አለ?» ትሉ ይሆናል። አለ። የሚታደለውን ዱቄት ወፍራም አድርጋችሁ አገንፉት፣ በሳህን ላይ ዘርጉትና ሲቀዘቅዝ እንደ ጣት ቁረጡት። አሲዳም እንዲሁ ይሆናል። በደንብ የተቀቀለ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ዱባ፣ የበሰለ ሙዝ፣ ማንጎ፣ አስኳሉ ሳይቀር የጠነከረ የተቀቀለ እንቁላል፣ በወጥ የራሰ ኪስራ ወይም እንጀራ ቁርጥራጭ፣ ልጣጩ ወጥቶ የተደቆሰ ፉል ሁሉም ይሆናሉ። ባቄላ በልቶ ሽንቱ የጠቆረ ወይም የገረጣ ልጅ ግን ወዲያው ክሊኒክ ይሂድ፤ ባቄላ የማይስማማው ደም ያላቸው ልጆች አሉ።

ጉበት፣ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል በተገኘ ጊዜ የመጀመሪያው ቁራሽ የትንሹ ልጅ ይሁን። ደም የሚሆነው እሱ ነው። ሻይ ግን ለሕፃን አይሰጥ፤ በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነቱ እንዳያገኝ ያደርጋል። ጾምም ሕፃንን አይመለከትም፤ እናት ስለምትጾም ብቻ የልጅ እንቁላልና ወተት መቅረት የለበትም።

የማይሰጡ ነገሮች

ቆሎ፣ ፈንድሻ፣ ከረሜላ፣ ጥሬ ካሮት፣ ፍሬው ያልወጣ ተምር፣ እንዲሁም ያልተደቆሰ ፉል ሱዳኒ ለሕፃን አይሰጡ። ጉሮሮ ይዘጋሉ። ፉል ሱዳኒው ተፈጭቶ ደክዋ ከሆነ ግን ገንፎው ላይ ስስ አድርጎ መቀባት ይቻላል። ማር አንድ ዓመት ሳይሞላው አይቀመስ፤ ሕፃንን የሚያሽመደምድ መርዝ ሆዱ ውስጥ የሚያመነጭ ተሕዋሲ ሊኖርበት ይችላል።

ልጁ ሲበላ ይቀመጥ፣ ሰውም አጠገቡ ይኑር። ቢያስል፣ ፊቱ ቢቀላ፣ ድምፅ ቢያሰማ ራሱ እያወጣው ነውና አትደናገጡ። ድምፁ ከጠፋና ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ታንቋል። ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች ይሁን፣ በትከሻዎቹ መሃል በእጃችሁ መዳፍ 5 ጊዜ ምቱ። ካልወጣ ገልብጣችሁ የደረቱን መሃል 5 ጊዜ ጫኑ። እስኪወጣ እየቀያየራችሁ ቀጥሉ፣ ሰው ለእርዳታ ጥሩ። የማይታይ ነገር ለማውጣት ጣት አፉ ውስጥ አትክተቱ፤ ይባስ ሊገፋው ይችላል።

ስለ ወተቱ

የምታጠባ እናት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ታጥባ፤ ምግብ ጀመረ ብላ አታቋርጥ። የዱቄት ወተት የሚጠቀሙ ደግሞ ውሃውን ያፍሉ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳያቆዩ ገና ትኩስ እያለ ዱቄቱን ይበጥብጡ። ዱቄቱ ውስጥ ያለውን ተሕዋሲ የሚገድለው የውሃው ሙቀት ነው። ከዚያ አቀዝቅዘው በ2 ሰዓት ውስጥ ይስጡ፤ የተረፈውን ይድፉ። ወተቱን ለማብዛት ውሃ መጨመር ልጁን ማስራብ ነው። ከጡጦ ይልቅ ኩባያ ይሻላል፤ ለማጠብ ይቀላል፣ ልጁም ቶሎ ይለምደዋል። አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ውድ የጣሳ ወተት ግድ አያስፈልገውም። የፈላ የላም ወይም የፍየል ወተት ከምግብ ጋር ይበቃዋል።

መቼ ነው ወደ ክሊኒክ የሚኬደው?

ልጁ ክብደት ከቀነሰ፣ ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ፣ በሚውጥበት ጊዜ ሁሉ ትን ካለው፣ ወይም ወተቱንም ምግቡንም እምቢ ካለ ነገ ሳትሉ ዛሬ ውሰዱት። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ በጣም ተጎድቷል ማለት ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ከሆነም ክትትል ያስፈልገዋል። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለውን የክንድ መለኪያ የጤና ሠራተኞች ይዘውት ስለሚዞሩ ቤታችሁ ሲመጡ ልጁን አታስደብቁ፣ አስለኩት።

ያለ ጡጦ የማያውቀውን ልጅ ለማስለመድ ከዛሬ እራት መጀመር ይቻላል። ለእናንተ ከቀረበው ላይ ጨውና በርበሬ ያልገባበት አንድ ለስላሳ ቁራጭ ለእሱ አስቀሩለት። ቢወረውረውም ነገ ሌላ አንድ ቁራጭ ስጡት።