ለጓሮ ኩሬ ዳርቻ የትኛው ተክል ይስማማል?

አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3 ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያላት የወገራ ወረዳ ከተማ ናት። በአካባቢው ክረምቱ ውኃ ያትረፈርፋል፤ ከጥቅምት ወዲህ ግን ሰማዩ ይጠራል፣ መሬቱ ይደርቃል፣ ሌሊቱም ውርጭ ይዞ ይመጣል። የክረምቱን ውኃ ለበጋ ለማቆየት ከሚያገለግሉ መንገዶች አንዱ በጓሮ የሚቆፈር ኩሬ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል የቤተሰብ ውኃ ማቆር ሥራ በስፋት መካሄዱም ይታወሳል።

ይሁን እንጂ ኩሬ መቆፈር ብቻውን በቂ አይደለም። ዳርቻው የተራቆተ ኩሬ ጎርፍ ይዞት በሚመጣው አፈር ቀስ በቀስ ይሞላል። ለጎንደር ከተማ ውኃ የሚያቀርበው የአንገረብ ግድብ እንኳ በደለል ምክንያት ውኃ የመያዝ አቅሙ ቀንሷል። በትልቁ ግድብ የደረሰው በትንሹ ኩሬ ላይ ፈጥኖ ይደርሳል። የዳርቻ ዕፅዋት ሥራቸው አፈሩን ይይዛል፤ ግንዳቸውና ቅጠላቸው ደግሞ የጎርፉን ፍጥነት ቀንሶ ደለሉን ከውጭ ያስቀራል።

ተክል ከመመረጡ በፊት ቦታውን በሦስት ከፍሎ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ውኃው ከአንድ ስንዝር የማይዘልቅበት ጠርዝ ነው። ሁለተኛው ኩሬው ሲሞላ የሚፈስበትና ዓመቱን ሙሉ እርጥበት የማያጣው ረግረግ መሬት ነው። ሦስተኛው ከእርጥበቱ ወጣ ያለው፣ ጎርፍ የሚገባበት ተዳፋት ነው።

ለመጀመሪያውና ለሁለተኛው ቦታ ቀዳሚው ምርጫ ቄጠማ ነው። ከአካባቢው ረግረግ ከነሥሩ ተነቅሎ ሊተከል ይችላል፤ ብርዱንም ለምዶታል። ጥቅሙም አፈር በመያዝ አይወሰንም። ለበዓልና ለቡና ሥነ ሥርዓት ወለል ላይ ይጎዘጎዛል፤ በቀዳም ሥዑርም ምእመናን በራሳቸው ላይ ያስሩታል። በበዓል ሰሞን ወደ ገበያ ሊወጣ የሚችል ምርት ነው ማለት ነው።

በጣና ዳርቻ የሚታወቀው ደንገል ግን ለአምባ ጊዮርጊስ አይመከርም። የጣና ሐይቅ ከፍታ ወደ 1 ሺህ 800 ሜትር ነው፤ ደንገልም ሙቀት የሚወድ፣ ውርጭ የሚጎዳው ተክል ነው። ፊላ እና ሸምበቆ ደግሞ ጥንቃቄ ይሻሉ። ሁለቱም አፈር በመያዝ የበረቱ ቢሆኑም በመሬት ውስጥ በሚሰደው ሥራቸው በፍጥነት ይስፋፋሉ፤ ትንሽ ኩሬንም በጥቂት ዓመታት ሊውጡ ይችላሉ። በተለይ ወለሉ በጂኦሜምብሬን በተሸፈነ ኩሬ ጠንካራ ሥራቸው ሽፋኑን ሊበሳው ስለሚችል ባይተከሉ ይመረጣል። በእንዲህ ያለው ኩሬ ቄጠማውም ቢሆን ጎኑ በተበሳና ጠርዙ በለሰለሰ ጀሪካን ውስጥ አፈርና ጠጠር ተደርጎለት ቢቀመጥ ሽፋኑ ከጉዳት ይድናል።

ለተዳፋቱ እንደ ፋላሪስ ያሉ የደጋ ሣሮች ይስማማሉ። ፋላሪስ ብርድንም የውኃ መተኛትንም የሚቋቋም፣ ለእርከን ማጠናከሪያና ለከብት መኖ የሚያገለግል ሣር ነው። ባሕር ዛፍ ግን ብዙ ውኃ ስለሚመጥ ከኩሬው መራቅ አለበት። የትልልቅ ዛፎች ሥር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት የጥምቀት በዓል የሚከበርበትን የጎንደሩን የፋሲለደስ መዋኛ መጎብኘት ይበቃል፤ የዛፎቹ ሥር በድንጋይ ግንቡ ላይ ተጠምጥሞ ይታያል። ከድንጋይ ጋር የሚታገል ሥር ለአፈር ግድብ አይራራም።

ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከእምቦጭ ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ አረም በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው በአበባው ውበት የተማረኩ ሰዎች ለጌጥ ወደየኩሬያቸው በመውሰዳቸው ነው። በጣና ሐይቅ ላይ በ2004 ዓ.ም ከታየ ወዲህ ያደረሰው ጉዳት ለክልሉ ነዋሪ የተሰወረ አይደለም። ከጎንደር በስተ ሰሜን ካለው ደጋ የሚነሣው መገጭ ወንዝ ወደ ጣና ይገባልና፣ ከላይ የተለቀቀ አረም ወደ ታች የመውረድ ዕድል አለው። አበባው ቢያምርም እምቦጭን ወደ ጓሮ ማምጣት አይገባም።

ረግረግ ለእንስሳት ጤናም ሥጋት አለው። የጉበት ትል የሚተላለፈው በረግረግ ቦታ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካኝነት ሲሆን፣ በጎች በሽታውን የሚያገኙት በእርጥብ ዳርቻ ሲግጡ ነው። ስለዚህ ዳርቻውን ማጠር ያሻል። ከዚያ የታጨደ ሣርም በእርጥቡ ከሚሰጥ በፀሐይ በሚገባ ደርቆ ቢቀርብ አደጋው ይቀንሳል። አጥሩ ሕፃናትም ወደ ኩሬው እንዳይገቡ ይከላከላል፤ ለምለም ዳርቻ ጥልቀትን ይደብቃልና።

ለተከላው አመቺው ጊዜ ዝናብ የሚጀምርበት ሰኔ ነው፤ ተክሉ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሳይደርስበት ሥር ይሰዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ በየዓመቱ የደረቀውን ማጨድና የተስፋፋውን መንቀል ነው። የደረቀው በውኃው ውስጥ ከበሰበሰ ውኃውን ያበላሻል፤ የበዛው ተክልም በቅጠሉ ውኃ ያተናል። የተክሉ ሽፋን ከውኃው ገጽ ሲሶ ባያልፍ ይመረጣል።